ሠፋሪና ባለአገር፤ የኢሉባቦር ከተሞች መልክ እንዴት እንደ ተሠራ

በኢሉባቦር የሚገኙትን ከተሞች ስም በተራ ብንጠራ ጎሬ፣ መቱ፣ ቡሬ፣ ሁሩሙ፣ ያዮ፣ አልጌ፣ ደምቢ፣ በደሌ እያልን እንሄዳለን። ከነዚህ ስሞች ውስጥ ከሸዋ የመጣው ጦር ይዞት የመጣ አንድ እንኳ የለም። በሌላው የአገራችን ክፍል ግን ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልሆነም፤ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ አዳማ ናዝሬት፣ አምቦ ሀገረ ሕይወት፣ ጭሮም አሰበ ተፈሪ ተብለው ለብዙ ዓመታት ሲጠሩ ኖረው ወደ ቀድሞ ስማቸው የተመለሱት ከጊዜ በኋላ ነው። በኢሉባቦር ሹሙም ዳኛውም ካህኑም ወታደሩም ከሌላ አገር ቢመጡ፥ የሠፈሩበትን ቦታ የጠሩት ባለአገሩ ሲጠራው በሰሙት ስም ነበር።

ይህ ነገር ትንሽ ቢመስልም አንድ ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። እነዚህን ከተሞች የመሠረተ ማን ነው? ጠብመንጃ ይዞ መጥቶ በኮረብታው ላይ የሠፈረው ነው ወይስ መሬቱን ሲያርስ የኖረውና ስሙን የሰጠው? እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የኢሉባቦር ከተሞች መልክ ከሁለቱም ወገን የተሠራ መሆኑን፤ ሁለተኛ፥ የሁለቱ ድርሻ ግን በአንድ ሚዛን ያልተጻፈ መሆኑን፤ ሦስተኛ፥ ይህ አለመመዛዘን በመጽሐፍ ላይ ብቻ ሳይቀር በ1928 ዓ.ም. አገሪቱ በጨነቃት ሰዓት ዋጋ ያስከፈለ መሆኑን ነው።

ስለ ቃላቱ አስቀድመን እንናገር። «ሠፋሪ» የምንለው ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ከጦሩ ጋርና ከጦሩ በኋላ ወደዚህ አገር መጥቶ የተቀመጠውን ነው። «ባለአገር» የምንለው ደግሞ ከዚያ በፊት በአገሩ የነበረውን ሕዝብ ነው፤ ይኸውም በደጋው ኦሮሞ፣ ወደ ባሮ ቆላ ሲወርዱ አኙዋክና ኑዌር ነው። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል በዘመናችን መሰዳደቢያ ሆኗል፤ እኛ ግን የምንጠቀምበት በቀድሞው ትርጉሙ፥ ነፍጥ ይዞ የሚያገለግልና በገባር የሚኖር ወታደር በሚለው ብቻ ነው።

ጦሩ ከመምጣቱ በፊት

ኢሉባቦር ጦሩ ሲደርስ ሰው የሌለበት ጫካ አልነበረም። በሶርና በገባ ወንዞች ሸለቆ የሜጫ ኦሮሞ ነገዶች ሠፍረው ያርሱ፣ ከብት ያረቡ፣ በደኑም ውስጥ ቡናና ማር ይሰበስቡ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በዚህ አገር ገንኖ የኖረው ገዢ ጫሊ ሾኖ ሲሆን አባ ቦር በሚል ስምም ይታወቃል። የአገሩ ስም «ኢሉ አባ ቦራ» መባሉም ከዚህ ጋር የተያያዘ መሆኑ ይነገራል፤ ኢሉ የነገድ ስም ነው፤ «አባ» እየተባለ የሚጠራውም የፈረስ ስም ነው። የዐማርኛው ጸሓፊ ሦስቱን ቃል አንድ ላይ አያይዞ «ኢሉባቦር» ብሎ ጻፈው፤ ጠቅላይ ግዛቱም በዚሁ ስም በመንግሥት መዝገብ ገባ። ስለዚህ መንግሥት አገሩን ሲጠራ ራሱ ሳያስበው የቀድሞውን ባለቤት ስም ይጠራ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። በፈረስ ስም መጠራት የኦሮሞ ፈረሰኞች ልማድ ሲሆን የሸዋና የሰሜን መኳንንትም የራሳቸው አድርገውታል። ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በዚህ ልማድ ነው። ጦሩ ወደ ኢሉባቦር ሲዘምት የመሪዎቹን ክብር የሚያስጠራበት መንገድ በዚያው በሚዘምትበት አገር ከሚታወቀው ጋር አንድ ነበር። መጤና ነባር የምንላቸው ሁለቱ ወገኖች ከመገናኘታቸው በፊት እንኳ ፈጽሞ ባዕድ እንዳልነበሩ ይህ ያስረዳናል።

ከተማ የሚለው ቃል

በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ የሸዋ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ከነሣ በኋላ ከግቤ ማዶ ያለው ምዕራብ አገር ለሸዋ ተከፈተ። በዚያ ጦርነት የሸዋን ሠራዊት የመሩት ራስ ጎበና ዳጬ ራሳቸው የሸዋ ኦሮሞ ነበሩ፤ ከሥራቸው ከተሰለፈውም ፈረሰኛ ብዙው ኦሮሞ ነበር። ስለዚህ ወደ ምዕራብ የመጣውን ጦር ሁሉ በአንድ ነገድ ስም መጥራት የታሪኩን መልክ ያበላሻል። ልዩነቱ በመጀመሪያ የዘር ሳይሆን የሥልጣን ነበር፤ በአንድ ወገን ከንጉሡ ጋር የቆመ፥ በሌላው ወገን የሚገብር።

ከዚያ በኋላ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን እንዲገዙ ተሹመው መቀመጫቸውን በጎሬ አደረጉ። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ ላይ ያለች ስትሆን ወደ ምዕራብ የባሮን ቆላ ትመለከታለች። በዐማርኛ «ከተማ» የሚለው ቃል በቀድሞ ዘመን የጦር ሠፈር ማለት እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ጎሬም በዚህ ትርጉም ከተማ ነበረች። ቦታው የተመረጠው ለገበያ እንዲመች ሳይሆን ከላይ ሆኖ ለመጠበቅ እንዲመች ነው። ከዚሁ ጎሬ ተነሥቶ ነው የደጃዝማች ተሰማ ጦር በ1890 ዓ.ም. ሁለት ፈረንሳውያንንና አንድ የሩስያ ኮሎኔልን አስከትሎ በባሮና በሶባት በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ዳር የደረሰው። ተሰማ በኋላ ራስ ቢትወደድ ተብለው የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ሆኑ፤ በ1903 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከነፍጠኛው ጋር ታቦት መጣ፤ ካህንም፣ ጸሓፊም፣ ዳኛም መጣ። ግን ይህ ሁሉ ሰው ከምን ይበላ ነበር? ታሪኩን ለሚመረምር ሰው ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

ገባርና ሢሶ

መንግሥት ለወታደሩ በገንዘብ የሚከፍለው ደመወዝ ስላልነበረው በደመወዝ ፈንታ ሰው ሰጠው። ለያንዳንዱ ወታደር እንደ ማዕረጉ ገባር ተመደበለት፤ ገባሩም እህል፣ ማርና እንጨት ከማምጣቱ በላይ ሁዳድ ያርስ፣ አጥር ያጥር፣ ጭነት ይሸከም ነበር፤ ሚስቱም እህል ትፈጭ ነበር። መሬት በቀላድ ሲለካም ሢሶው ለባላባቱ ቀርቶ የቀረው በመንግሥት እጅ ገባ፤ ከዚያም ለወታደር፣ ለሹምና ለቤተ ክርስቲያን ተከፋፈለ። አባቱ ያረሰውን መሬት የሚያርሰው ገበሬ በአንድ ጊዜ የሌላ ሰው ጢሰኛ ሆኖ ተገኘ።

ባላባቱ በሁለት መካከል የቆመ ሰው ነበር። በኦሮምኛ ከሕዝቡ ጋር፣ በዐማርኛ ከገዢው ጋር ይነጋገራል፤ ግብር ሰብስቦ ያስገባል፤ ልጆቹን ክርስትና ያስነሣል። የለቃ ነቀምቴው ገዢ ኩምሳ ሞረዳ ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር መባላቸው በጎረቤት አገር የታየ ጉልህ ምሳሌ ነው። ስም መለወጥ ለባላባቱ የሥልጣን በር ይከፍትለት ነበር፤ ለተራው ገባር ግን ስም ቢለውጥም ባይለውጥም ሸክሙ ያው ነበር።

ሠፋሪውንም በአንድ ዓይን ብቻ ማየት አይገባም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት የክፉ ቀን ዓመታት የከብት በሽታና ረኃብ ሰሜኑንና መካከለኛውን አገር ሲያጠፋ ብዙ ሰው የሚበላውን ፍለጋ ጦሩን ተከትሎ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተሰዷል። ከነፍጠኛውም ውስጥ በገዛ አገሩ መሬት የሌለው ድኻ ብዙ ነበር። ነገር ግን ተርቦ መምጣቱ የገባሩን ሸክም አላቀለለለትም። የአንዱ መከራ ለሌላው መከራ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ለታሪክ ተማሪ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱን ማስረዳትና ነገሩን ማጽደቅ ግን አንድ አይደለም።

ወንዙ፣ ገበያውና ሦስተኛው ሰው

የጦር ሠፈሩ ወደ ንግድ ከተማነት የተለወጠው በባሮ ወንዝ ምክንያት ነው። ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣ የእንፋሎት መርከብ እስከ ጋምቤላ ድረስ ይዘልቅ ነበር። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር ስፋቱ ከ400 ሔክታር፣ የወንዙም ዳርቻ ርዝመት ከ2000 ሜትር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲሰጥ ተስማሙ፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ተቋቋመ። ይህ ቦታ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ በኋላ የምዕራቡ ቡና፣ ሰምና ቆዳ በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርድ፤ ጨርቅና ጨው በዚያው መንገድ ይወጣ ጀመር። ግሪኮች፣ ሶርያውያን፣ ዓረቦችና ሌሎችም ነጋዴዎች በጎሬ ሱቅ ከፈቱ። ማጂድ አቡድ የተባለው ሶርያዊም በኢትዮጵያ መንግሥት አገልግሎት ገብቶ በጋምቤላ አገር ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። ቡሬ የደጋው ጫፍ ነው፤ ከዚያ ወደ ታች ያለው ቆላ ለጋማ ከብት የሚያሰጋ ስለ ሆነ ሸክሙ ብዙ ጊዜ በሰው ትከሻ ላይ ይወድቅ ነበር።

እንግዲህ የጎሬን ንግድ ስናስብ ሦስት ዓይነት ሰው በዓይናችን መታየት አለበት፤ ቀረጥ የሚቀበለው ሹም፣ ቡናውን የሚገዛው የውጭ አገር ነጋዴ፣ ቡናውን ለቅሞና ተሸክሞ የሚያመጣው ባለአገር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደብዳቤ፣ ውልና ደረሰኝ ትተዋል። እንደ ሩስያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ያሉ መንገደኞችም ያዩትን ጽፈዋል፤ የእርሱ «ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ» የተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1897 ታትሟል። ሦስተኛው ሰው ግን በእጁ የጻፈው ወረቀት አልተወም። የተወው ቃሉን ነው።

የሁሩሙ ልጅ

ነገር ግን ባለአገሩ ፈጽሞ አልጻፈም ብንል ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ከመቱ አጠገብ ባለችው በሁሩሙ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ ሒካ የተባለ ልጅ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ሰርቀውት ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ እስከ ምጽዋ ደረሰ፤ በዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ነጻ ወጥቶ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ሲጠመቅ የተሰጠው ስም አናሲሞስ ሲሆን በታሪክ የሚታወቀው አናሲሞስ ነሲብ ተብሎ ነው። የቀድሞ ስሙ በኦሮምኛ ከመፍታትና ከመተርጐም ጋር የሚያያዝ መሆኑ የሕይወቱን ሥራ አስቀድሞ የተናገረ ይመስላል። እርሱም ከባርነት ነጻ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ረዳቶቹ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አውጥተው ነበር፤ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አስቴር ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ የያዘቻቸው ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ገብተውበታል።

እነዚህ መጻሕፍት የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነው። ይህን ልብ እንበል። የሁሩሙ ልጅ የአባቶቹን ቋንቋ የጻፈው ወደ አገሩ ከገባው ጦር ጸሓፊ ጋር በአንድ ፊደል ነው፤ ጸሓፊው በጎሬ የገባር ቁጥር ሲመዘግብበት እርሱ በምጽዋ በኩል ሆኖ የባለአገሩን ተረት ይጽፍበት ነበር። ፊደሉ አንድ ሲሆን ያገለገለው ሁለት ዓይነት ሥራ ነው።

አናሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ ተመልሶ በኦሮምኛ ማስተማር ሲጀምር ብዙ ሕዝብ ሰማው። በካህናት ተከስሶም ጉዳዩ እስከ ዐፄ ምኒልክ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1906 በነቀምቴ እንዲቀመጥ ተፈቅዶለት እንዳይሰብክ ተከለከለ። እርሱ ግን እስከ ሞተበት እስከ 1923 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ኖሯል። ከኢሉባቦር ምድር የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ የጽሑፍ ድምፅ በጎሬ ሳይሆን በምጽዋና በነቀምቴ መሰማቱ የዘመኑን ሁኔታ ከብዙ ሐተታ ይልቅ ያስረዳል።

ማን ከማን ወሰደ

አሁን ወደ ከተማው ኑሮ እንመለስ። ሠፋሪው ለኢሉባቦር ከተሞች ያመጣው ብዙ ነው። ደብሩን፣ የመስቀልና የጥምቀት በዓልን አከባበር፣ የችሎት ሥርዐትን፣ በዐማርኛ የሚጻፈውን አቤቱታና ማኅተም ሁሉ ያመጣው እርሱ ነው። ከጊዜ በኋላ የተከፈተው የመንግሥት ትምህርት ቤትም በዚሁ ቋንቋ አስተማረ። ለባለአገሩ ልጅ ዐማርኛ የቢሮና የችሎት ደጅ መክፈቻ ሆነ፤ የማያውቀው ሰው በገዛ ጉዳዩ አስተርጓሚ ይዞ መቆም ነበረበት።

ባለአገሩ የሰጠው ግን ከዚህ አያንስም፤ ስለ ተለመደ ብቻ አይታይም። የቦታ ስሞችን ከላይ ተናግረናል። ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ቡና ነው። በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክርስቲያን ዘንድ ቡና መጠጣት የሙስሊምና የኦሮሞ ልማድ ነው እየተባለ ለረጅም ዘመን ሲነቀፍ ኖሯል፤ ነቀፋው እየላላ የሄደው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በኦሮሞ ዘንድ ግን ቡና መጠጥ ብቻ ሳይሆን የምርቃትና የጸሎት ነገር ነበር፤ ፍሬውን ከነቅርፊቱ በቅቤ አብስሎ የሚቀርበው የቡና ቀላ ሥርዐት ለዚህ ምስክር ነው። ዛሬ ከጎረቤት ጋር ተጠራርቶ ቡና መጠጣትን የኢትዮጵያዊነት ምልክት አድርጎ የማይቆጥረው የለም። በኢሉባቦር ደን ጥላ ሥር ዘርቶት ሰው ሳይኖር የሚበቅለው ቡና ለአገሩ ሁሉ መልክ ሰጥቷል፤ የያዮ የቡና ደንም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዲህ በዚህ ነገር የተማረው ሠፋሪው፥ ያስተማረው ባለአገሩ ነው።

ቋንቋም እንዲሁ በአንድ በኩል ብቻ አልሄደም። ገበያው በኦሮምኛ ስለሚገበያይ በዚያ የተወለደው የሠፋሪ ልጅ ሁለቱንም ቋንቋ እየተናገረ አደገ፤ በጋብቻና በአበልጅነትም ሁለቱ ወገን ተሳሰረ። ሆኖም ይህ መቀራረብ በመሬት ላይ ያለውን ልዩነት አላጠፋውም። አበልጅ የሆኑ ሁለት ሰዎች በበዓል ቀን አብረው በልተው በማግስቱ አንዱ ባለመሬት፣ ሌላው ጢሰኛ ሆነው ይገናኙ ነበር።

የ1928 ፈተና

ይህ ልዩነት ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበረ የተገለጸው በጠላት ወረራ ጊዜ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ ተዛወረ፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹም የዚህ ጊዜያዊ መንግሥት ኀላፊ ሆኑ። ልዑል ራስ እምሩ ከጎጃም ተሻግረው መጥተው እንደራሴ ተባሉ። ስለዚህ ከሠላሳና ከአርባ ዓመታት በፊት የጦር ሠፈር የነበረችው ጎሬ ለጥቂት ወራት ነጻዪቱ ኢትዮጵያ የቀረችበት ከተማ ሆነች። የእንግሊዝ ቆንስል ሻምበል ኤርስኪንም በዚያው ነበር።

በዚሁ ጊዜ ግን የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች ኅብረት አቋቁመው በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲተዳደሩ በጽሑፍ ጠየቁ፤ ከነርሱም ውስጥ ዋነኛው የነቀምቴው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ነበሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ጥያቄውን አልተቀበለውም። ይህን ድርጊት አንዳንዶች ክዳት ነው ብለው ያልፉታል፤ ሌሎች የነጻነት ጥያቄ መጀመሪያ ያደርጉታል። እኛ ግን ለፍርድ ከመቸኮል አስቀድሞ አንድ ነገር እንጠይቃለን። አገር ማለት ለገባሩ ምን ነበር? የመንግሥትን ፊት ያየው በግብር ሰብሳቢውና በወታደሩ በኩል ብቻ የሆነ ሰው፥ መንግሥቱ ሲወድቅ የሚያጣው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ በምን ሊያስተውል ይችል ነበር? ከሌላው ወገን ደግሞ ብዙ ኦሮሞዎች በዚያው ጊዜ ጠላትን እንደ ተዋጉ መርሳት አይገባም። በአንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለቱም ነገር ሆኗል።

በኅዳር 1929 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ጎሬን ያዙ፤ ራስ እምሩም በታኅሣሥ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ጠላት ኢሉባቦርን ከጅማ በሚተዳደረው በኦሮሞና ሲዳማ ግዛት ውስጥ አግብቶ በሕዝቡ መካከል ያገኘውን ቅራኔ ለራሱ ጥቅም አዋለው። እርሱ ስንጥቁን አልፈጠረውም፤ ተሠንጥቆ አገኘውና ገባበት።

የሩቅ አገር ምሳሌ

ነገሩን ከሌላ አገር ታሪክ ጋር ብናስተያየው ይበልጥ ይገለጣል። በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1848 የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ሠፍረው ደኒደን የተባለችውን ከተማ መሠረቱ። ስሟም የስኮትላንድ ዋና ከተማ የኤዲንብራ ጥንታዊ ስም ነው፤ ስኮቶቹ ከነመንገዶቻቸው ስም አዛውረው ወሰዱት። መሬቱ ግን ንጋይ ታሁ ከሚባለው የማኦሪ ነገድ እ.ኤ.አ. በ1844 የተገዛ ሲሆን ነገዱ ከሽያጩ ጋር የተገባለት ቃል አልተፈጸመም እያለ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሟገት ኖረ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ሕግ የአገሪቱ መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ፣ ካሣ ሰጠ፤ ከትልልቆቹ የቦታ ስሞችም ብዙዎቹ በሁለት ቋንቋ እንዲጠሩ ተደረገ። የአገሪቱ ረጅሙ ተራራ ዛሬ አኦራኪ የሚለውን የማኦሪ ስምና ኩክ የሚለውን የእንግሊዝኛ ስም አብሮ ይዟል።

ሁለቱ አገሮች አንድ አይደሉም። ስኮቶቹ ውቅያኖስ ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ የኢሉባቦር ሠፋሪ ግን ከአንድ ምድር የመጣ፣ ከባለአገሩም ጋር የፈረስ ስም የሚጋራ ነው። ንጽጽሩ የሚያስተምረን ሌላ ነገር ነው። በኒውዚላንድ ስሙ ጠፍቶ ሙግቱ በጽሑፍ ተረፈ፤ በኢሉባቦር ስሙ ተርፎ ሙግቱ ሳይጻፍ ቀረ። የማኦሪ ነገድ ክሱን ያቀረበው አያቶቹ የተናገሩትን ቃል ይዞ ነው፤ ስለዚህ የቃል ታሪክ ወግ ብቻ ሳይሆን በፍርድ ፊት የሚቆም ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ታይቷል።

ከጎሬ ወደ መቱ

ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ የገባሩን የጉልበት አገልግሎት በገንዘብ ግብር ተካው፤ ጢሰኛነት ግን ቀረ። እርሱን የሻረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1978፥ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። መቱ ከጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሶር ወንዝ አጠገብ ያለች የቡና አገር ከተማ ናት። የአስተዳደሩ መቀመጫ ለጥበቃ ተብሎ ከተመረጠው ኮረብታ ወርዶ ወደ ሶር ሸለቆ መመለሱ፥ ያሰበበት ባይኖር እንኳ፥ ለታሪክ ተማሪ ትርጉም አለው፤ የጫሊ ሾኖ አገር ልብ የነበረው ይኸው ሸለቆ ነውና።

የሠፋሪ ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም። በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ብዙ ሕዝብ በመንግሥት ትእዛዝ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ሌሎች የምዕራብ አገሮች ተጓጓዘ። እነዚህ ሠፋሪዎች ጠብመንጃ አልያዙም፤ ብዙዎቹ ወደውም አልመጡም። ጎጆ የሠራላቸውና እህል ያዋጣላቸው ባለአገሩ ነው። «ሠፋሪ» የሚለው አንድ ቃል የ1880ዎቹን ነፍጠኛና የ1977ቱን ተረጂ ባንድነት ሲያጠቃልል ሁለቱን እንዳናምታታ መጠንቀቅ ይገባናል።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እየተጻፈ የትምህርትና የቢሮ ቋንቋ ሆኗል። በቀድሞው ዘመን አስተርጓሚ ይዞ ይቆም የነበረው ዛሬ በቋንቋው ይሟገታል፤ አንዳንዱ የከተማ ልጅ ደግሞ በተራው አስተርጓሚ ይሻል። ሚዛኑ ሲዞር የቀድሞውን ስሕተት ፊቱን አዙሮ መድገም እንደማይገባ ታሪካችን በቂ ትምህርት ሰጥቶናል።

መደምደሚያ

ካየነው ሁሉ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። የኢሉባቦር ከተሞች የአንድ ወገን ሥራ አይደሉም። ደብሩና ቢሮው ከሠፋሪው፣ ስሙና ቡናው ከባለአገሩ፣ ሱቁ ከውጭ አገር ነጋዴው የመጡ ናቸው፤ የሁሉንም ዋጋ በጉልበቱ የከፈለው ግን ገባሩ ነው። የአገር መልክ የሚጸናው እያንዳንዱ የሰጠው ሲታወቅለትና የተወሰደበት ሲነገርለት ነው። ይህ ሳይሆን ሲቀር በ1928 ዓ.ም. እንደ ታየው መልኩ በጭንቅ ቀን ይሠነጠቃል።

በ1940ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩ ተማሪዎች የሥነ ሕዝብ ጥናት ማኅበር አቋቁመው፣ በዕረፍት ወራት ወደየትውልድ አገራቸው ሲሄዱ የሰሙትን ልማድና ታሪክ እየጻፉ በመጽሔታቸው ያወጡ ነበር። ያ ሥራ ዛሬም ይሠራል። በመቱ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከቡሬና ከሁሩሙ የመጡ ተማሪዎችም በየትምህርት ቤቱ አሉ። የሚጠየቁት ነገሮች ግልጽ ናቸው፤ የአያትህ መሬት በቀላድ ሲለካ ማን ገመዱን ያዘ? ወደ ጋምቤላ የሚወርደውን ሸክም ማን ተሸከመ፣ ስንት ቀንስ ፈጀበት? በ1928 ጎሬ የመንግሥት መቀመጫ ስትሆን በገጠሩ ምን ተባለ? በ1977 የመጡትን ማን ተቀበላቸው? መልሱ ከሠፋሪው ልጅም ከባለአገሩ ልጅም፣ በኦሮምኛም በዐማርኛም፣ በአኙዋክም ቋንቋ፣ ተናጋሪው እንደ ተናገረው ሳይታረም መጻፍ አለበት። የመንግሥቱ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ይቆያል፤ የሽማግሌው ቃል ግን ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። ስለዚህ በመጀመሪያ መጻፍ ያለበት የቱ እንደ ሆነ ለአንባቢ ግልጽ ይመስለናል።